ማይኮራይዛ፦ ከዕፅዋት ሥር ጋር የሚኖር ጠቃሚ ፈንገስ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ፈንገስ ሲባል ለገበሬው ቶሎ ትዝ የሚለው የስንዴ ዋግና የማሽላ አረማሞ ነው። ይሁን እንጂ ፈንገስ ሁሉ ጠላት አይደለም። ከአብዛኞቹ ዕፅዋት ሥር ጋር ተስማምቶ የሚኖር ማይኮራይዛ የሚባል ወገን አለ። ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን፣ ትርጉሙ «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው።

አሠራሩ

ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ በቀላሉ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሥር በአጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሳል። ፈንገሱ ግን በጣም ቀጫጭን ክሮቹን ሥሩ ከማይደርስበት በመዘርጋት ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣል። ተክሉም በአጸፋው በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያካፍለዋል። በቀይ የደጋ አፈር ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ይህ ትብብር ይበልጥ ይጠቅማል።

በተጨማሪም ተክሉ ድርቅን እንዲቋቋም ይረዳል፤ አንዳንድ የሥር በሽታዎችን ያዳክማል፤ የአፈርን ቅንጣት በማያያዝም መሸርሸርን ይቀንሳል።

ለችግኝ ጣቢያ

በዳባትና በደባርቅ በክረምት የተተከለ ችግኝ ረጅሙን በጋ ማለፍ አለበት። ብዙው የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ በወጣ አፈር ብቻ የተሞላ ፕላስቲክ ጠቃሚው ፈንገስ ሊጎድለው ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የአገራችን ደጋ ደን ዛፎች፣ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ጭምር፣ ማይኮራይዛ አላቸው። ስለዚህ፦

1. በጎንደር ከተማም ሆነ በገጠር የቤተ ክርስቲያን አጸድ ሲገኝ፣ አስተዳዳሪዎቹን አስፈቅዶ ከጤናማ ዛፍ ሥር የላይኛውን አፈር ከቀጫጭን ሥሮች ጋር በጥቂቱ ከተለያየ ቦታ መውሰድ፤
2. ከ10 እጅ የችግኝ አፈር 1 እጁን ይህን አፈር አድርጎ መቀላቀል፤
3. አፈሩን ፀሐይ ሳይመታው፣ ሳይደርቅ ቶሎ መጠቀም፤
4. ለፓይን ችግኝ የሚያስፈልገው ፈንገስ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አፈሩን ከፓይን ዛፍ ሥር ማምጣት፤
5. በሽታ ከታየበት ቦታ አፈር አለመውሰድ።

ለሰብል ማሳ

ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ የዚህ ፈንገስ ተባባሪዎች ናቸው። ጎመንዘር፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦና ግብጦ ግን ፈንገሱን አያስተናግዱም። ስለዚህ እነዚህን በተከታታይ ዓመታት ከመዝራት ይልቅ ከተባባሪዎቹ ጋር ማፈራረቅ ይሻላል። ደጋግሞ ማረስ ክሮቹን ይበጣጥሳል፤ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ ከመጠን በላይ መጨመርም ተክሉ ከፈንገሱ ጋር ያለውን ትብብር ያላላል።

ማሳሰቢያ

ማይኮራይዛ የማዳበሪያ ምትክ አይደለም፤ ናይትሮጅንንም ከአየር አይሰበስብም። ጥቅሙ በአፈሩ ዓይነት ስለሚለያይ በቅድሚያ 50 ችግኝ ከደን አፈር ጋር፣ 50 ደግሞ ያለ እርሱ በአንድ ቦታ ይተከል። በቀጣዩ ሰኔ በሕይወት ያሉት ይቆጠሩ፤ ውጤቱም ለአባላት ይነገር። ገበሬው ከምክር ይልቅ ያየውን ያምናልና።