እህል በጎተራ ውስጥ ለምን ይሞቃል?

በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ እህል ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ ሙቀት ይሰማችኋል። እሳት ያነደደበት ሰው የለም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ነገሩ ከማሳው ይጀምራል። ተክል ውኃ በሥሩ፣ አየር በቅጠሉ ይወስዳል። ሁለቱን በፀሐይ ኃይል አዋህዶ ምግብ ይሠራል። ኃይሉም በፍሬው፣ በግንዱ ውስጥ ይቀመጣል። እንጨት ሲነድ ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። ያን ጊዜ የተቀመጠው ኃይል ሙቀትና ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ማሳ ላይ ኃይል ገባ፤ ምድጃ ላይ ኃይል ወጣ።

የእህሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ፍሬ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። እርጥበት ሲያገኝ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ሻጋታም ይበቅልበታል። ሁለቱም የፍሬውን ምግብ ከኦክሲጅን ጋር እያዋሐዱ ሙቀት ያወጣሉ። ነበልባል የለውም እንጂ እህሉ ቀስ እያለ እየነደደ ነው። የሚነደውም የልጆቻችሁ እንጀራ ነው!

ስለዚህ እህሉን ከማስገባታችሁ በፊት በፀሐይ አድርቁት። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተጨፈለቀ ገና ነው። በየጊዜው እጃችሁን ከትታችሁ ሞክሩት። ሞቆ ካገኛችሁት ለነገ ሳትሉ አውጥታችሁ አስጡት። የሻገተውን ግን ለይታችሁ ጣሉት፤ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም።