ዝም ያለ መሣሪያ ሁሉ ደኅና አይደለም

ግሮሩድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ጣሪያችሁ ላይ ያለችውን የጭስ ማስጠንቀቂያ እስቲ ቀና ብላችሁ እዩልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ተጭናችሁ ያስጮኻችኋት መቼ ነው? ኖርዌይ ዲሴምበር 1ን «የጭስ ማስጠንቀቂያ ቀን» ያደረገችው ወዳ አይደለም። ባትሪዋ የሞተውም ጤነኛዋም ዝምታቸው አንድ ነው።

የፋብሪካ የደኅንነት መሣሪያም ጣጣው ይኸው ነው። ፓምፕ ሲበላሽ ሥራ ስለሚቆም ወዲያው ይታወቃል። ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ የመዝጊያ ቫልቭ ግን ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆማል። ዝጎ ቢጣበቅ የሚታወቀው «ዝጋ» በተባለበት ቀን ነው። ስለዚህ አደጋው ሳይመጣ፣ ሆን ተብሎ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአማካይ በ50 ዓመት አንዴ በስውር የሚበላሽ መሣሪያ በየዓመቱ ቢፈተሽ፣ በተፈለገ ጊዜ ያለመሥራት ዕድሉ በግምት ከ100 አንድ ነው። በየ5 ዓመቱ ከሆነ ከ20 አንድ ይሆናል። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ ትጋት ብቻ ነው።

ፍተሻው ራሱ ግን በወጉ ካልተጠናቀቀ ሌላ መዘዝ ያመጣል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005 ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው የበንስፊልድ ነዳጅ ማከማቻ፣ 912 ቁጥር ማጠራቀሚያ ሞልቶ ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ። የነዳጁን መጠን የሚያሳየው መለኪያ ተጣብቆ ነበር። ነዳጁ ከልክ ሲያልፍ ማስቆም የነበረበት ሁለተኛው መሣሪያም አልሠራም፤ የመፈተሻ እጀታውን በቦታው የሚይዘው ቁልፍ አልተገጠመም ነበር። ቁልፉ ሰው እንዳይነካካው ብቻ የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። ፍንዳታው 43 ሰዎችን አቆሰለ።

በእኛው ሸለቆ ከአልናብሩ የጭነት ጣቢያ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2010 አምልጠው የወረዱ 16 ባዶ ፉርጎዎች ሹርሶያ ላይ 3 ሰዎች ገድለዋል። የሚያቆማቸው መከላከያ አልነበረም። በእኔ እምነት ግን አለ እየተባለ የማይሠራው መከላከያ ይብሳል። የሌለውን ፈልገህ ልታገኘው ትችላለህ፤ የሞተው ግን ያዘናጋሃል።

አገር ቤት ፋብሪካና ፎቅ በብዛት እየተሠራ ነው። እዚህ የተማርን ባለሙያዎች ስንሄድ «የእሳት ማጥፊያ አላችሁ ወይ?» ብለን አንመለስ። መቼ ተፈተሸ? ከጠቋሚው እስከ ቫልቩ ድረስ ነው ወይስ ደወሉ ብቻ? ምን ጉድለት ተገኘ? ከፍተሻው በኋላ ወደ ሥራ መመለሱን ማን አረጋገጠ? ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ መልስ ከሌለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጌጥ ነው።