የበረዶና የጉም ስም የወጣላቸው የጦር መርከቦች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ ምኞቱን ይገልጽበታል፤ ልጁም ካደገ በኋላ በሥራው ስሙን ያስከብረዋል ወይም ያሳፍረዋል። ይህ ነገር በሰው ብቻ ሳይሆን በመርከብም ላይ ደርሶ ታይቷልና፥ በቤተ ሰብ መካከል ቢነበብ ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን የአንዳንድ የጃፓን የጦር መርከቦች ታሪክ ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት የጦር መርከብ በመሥራት ሲሽቀዳደሙ ሀብታቸውን እንዳይጨርሱ በማሰብ በ1922 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ውል ተዋዋሉ። በውሉም መሠረት እንግሊዝና አሜሪካ እያንዳንዳቸው አምስት እጅ ታላላቅ የጦር መርከቦች ሲፈቀድላቸው፥ ለጃፓን የተፈቀደላት ሦስት እጅ ብቻ ሆነ። በዚህ ጊዜ የጃፓን የባሕር ኃይል አለቆች በቁጥር መወዳደር ከተከለከልን እያንዳንዱን መርከብ ከባላጋራው መርከብ ይልቅ የበረታ እናድርገው ብለው አሰቡ። ውሉ የታላላቆቹን መርከቦች እንጂ የትንንሾቹን ቁጥር ስላልወሰነ፥ ዓይናቸውን በትንንሾቹ ላይ ጣሉ።

ከትንንሾቹም መካከል አንዱ ዓይነት አጥፊ መርከብ የሚባለው ነው። ይህ መርከብ ቀጭንና ፈጣን ሆኖ፥ ዋና ሥራው ወደ ጠላት መርከብ በፍጥነት ቀርቦ ቶርፒዶ መስደድ ነው። ቶርፒዶ ማለትም በራሱ ሞተር ውኃ ለውኃ ሄዶ የመርከብን ጎን የሚያፈርስ ፈንጂ ነው።

የአዲሱ ዓይነት መጀመሪያ የሆነው መርከብ በ1928 ዓ.ም. ተፈጽሞ ፉቡኪ ተባለ፤ ትርጓሜውም የበረዶ ውሽንፍር ማለት ነው። እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስም የዚሁ ዓይነት መርከቦች 24 ሞሉ። የስሞቻቸው ውበት የጦር መሣሪያ ስም አይመስልም ነበር። ሺራዩኪ ነጭ በረዶ፥ ሐትሱዩኪ የመጀመሪያ በረዶ፥ ዩጊሪ የምሽት ጉም፥ አካትሱኪ ጎሕ፥ ሂቢኪ የገደል ማሚቶ፥ ኢናዙማ መብረቅ፥ ኢካዙቺ ነጐድጓድ ማለት ነው።

እያንዳንዱ መርከብ ርዝመቱ 118 ሜትር ያህል ነበር። ስድስት መድፎች ሁለት ሁለት ሆነው በብረት ቤት ውስጥ ተተክለውለታል፤ አፋቸው 61 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ የቶርፒዶ መስደጃዎችም ነበሩት። ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በላዩም ከ200 የሚበልጡ መርከበኞች ያገለግሉ ነበር። ይህን ያህል መሣሪያ በአንድ አጥፊ መርከብ ላይ ተጭኖ ከዚያ በፊት አልታየም ነበርና የሌሎች አገሮች የባሕር ኃይል አለቆች እጅግ ተደነቁ።

ዳሩ ግን ከውጭ የሚታየው ብርታት ከውስጥ ድካም ነበረው። በአጋሰስ ላይ ጭነት ከጀርባው በላይ ከፍ ተደርጎ ቢከመር፥ ሜዳውን በደኅና ቢያልፍ እንኳ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ያዘነብላል። የእነዚህም መርከቦች ነገር እንዲሁ ሆነ። ክብደት ለመቀነስ ሲባል አካላቸው ከሚገባው በላይ ቀሎ ተሠርቶ ነበር፤ መድፉና ከፍ ያለው የአዛዡ ሰገነት ግን ከላይ ይጫናቸው ነበር።

በ1935 ዓ.ም. መስከረም 26 ቀን ብዙ የጃፓን የጦር መርከቦች ለልምምድ ከአገራቸው በስተ ምሥራቅ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲጓዙ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ደረሰባቸው። ማዕበሉም የሐትሱዩኪንና የዩጊሪን የፊት አካል ከአዛዡ ሰገነት በፊት ቈርጦ ወሰደው። የሐትሱዩኪ ተቈራጭ ክፍል በባሕር ላይ ተንሳፎ ቀረ፤ በውስጡም የምስጢር ጽሑፍ መፍቻ መጻሕፍት ነበሩ። ጎትቶ ማምጣት ባልተቻለ ጊዜ፥ ምስጢሩ በባዕድ እጅ እንዳይወድቅ የገዛ ወገናቸው መርከብ በመድፍ መትቶ አሰጠመው። በዚያ ክፍል የቀሩትም መርከበኞች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

ከዚህ በኋላ መርከቦቹ ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሰው አካላቸው ተጠናከረ፥ የላይኛው ጭነታቸው ተቀነሰ፥ ከታችም ማመዛዘኛ ክብደት ተጨመረላቸው። በዚህም ምክንያት ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ ነገር ግን ማዕበሉን የሚችሉ ሆኑ። ከልክ በላይ የመመኘት ዕዳ የተከፈለው ግን በእናቶች ልጆች ሕይወት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጃፓን በጎረቤቶቿ ላይ ያነሣችው ጦርነት እየሰፋ ሄዶ፥ በ1941 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ተዋጋች። ከ24ቱ መርከቦች ሚዩኪ የተባለው በ1934 ዓ.ም. በልምምድ ላይ ከኢናዙማ ጋር ተጋጭቶ ሰጥሞ ነበር። የቀሩት 23ቱ ወደ ጦርነቱ ገቡ፤ ከእነርሱም 21ዱ ጠፉ። ጦርነቱ ሲያልቅ የተገኙት ኡሺዮና ሂቢኪ ብቻ ነበሩ። ኡሺዮ ፈርሶ ብረቱ ተሸጠ፤ ሂቢኪም በ1947 ዓ.ም. ለሶቪየት ኅብረት ተሰጠና ታማኝ ማለት የሆነ የሩስያ ስም ወጣለት።

ይሁን እንጂ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚህ ሁሉ መርከቦች ሥራ ይልቅ ዛሬ በበጎ የሚነሣው የኢካዙቺ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በ1942 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን በጃቫ ባሕር በተደረገው ጦርነት ኢንካውንተር የተባለው የእንግሊዝ አጥፊ መርከብ ሰጠመ። መርከበኞቹም የመርከብ ዘይት ዓይናቸውን እየሸፈነው ሌሊቱን በባሕር ላይ ሲንሳፈፉ አደሩ። በማግሥቱ ኢካዙቺ በዚያ በኩል ሲያልፍ አዛዡ ሹንሳኩ ኩዶ አያቸው። በዚያ ባሕር የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ሊኖር ስለሚችል መርከብን ማቆም ሞትን መጥራት ነበር። ኩዶ ግን አቁሙ ብሎ አዘዘ። መርከበኞቹም ገመድና መሰላል ጥለው፥ የደከሙትን በእጃቸው እየሳቡ 442 ሰዎች አወጡ፤ ይህም ከመርከቡ ሰዎች ቁጥር እጥፍ ያህል ነበር። ዘይቱን ከሰውነታቸው ጠርገው ልብስና ምግብ ሰጧቸው። በማግሥቱም ወደ ሆስፒታል መርከብ ተላለፉ፤ ከዚያም በኋላ በምርኮ ቆዩ። በዚያ ጦርነት በጃፓን ጦር እጅ በወደቁ ምርኮኞች ላይ ብዙ ግፍ ተፈጽሟልና፥ የኩዶ ሥራ ከዚያ ጋር ሲመዛዘን ይበልጥ ያበራል።

ኢካዙቺ በ1944 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ከነመርከበኞቹ ሁሉ ሰጠመ። ኩዶ አስቀድሞ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ስለ ነበር ተረፈ። ከጦርነቱም በኋላ ስለ ሥራው ሳይመካ በዝምታ ኖሮ በ1979 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከዳኑት መካከል አንዱ ሳም ፎል የተባለው ወጣት መኮንን ነበረ፤ ኋላም የእንግሊዝ አምባሳደር ሆነ። ያዳነውን ሰው ውለታ አልረሳምና ታሪኩን ጽፎ ለዓለም አስታወቀ፤ በ2008 ዓ.ም. በእርጅናው ዘመን ወደ ጃፓን ሄዶ በኩዶ መቃብር ፊት ምስጋናውን አቀረበ።

እንግዲህ እናትና አባት ለልጆቻቸው ይህን ቢነግሩ መልካም ነው። ኢካዙቺ የተሠራው እንደ ነጐድጓድ እንዲያስፈራ ነበር፤ መድፉና ቶርፒዶው ግን ከባሕር በታች ቀርተዋል። በሰዎች አፍ የቀረው ለወደቀ ጠላት የተዘረጋው እጅ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለውም ስለዚህ ነው።