ዕለቲቱና የነገሌ ቦረና ውሃ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዩወሪ 12 ቀን በሊበን ታሪክ ሁለት ጊዜ ትነሣለች።

በመጀመሪያ ጥር 3 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ግራዚያኒ በገናሌ ዶርያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ማጥቃት ጀመረ፤ በዚያው ወር ነገሌን ያዘ።

ሁለተኛ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈሩት የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ አምፀው አዛዦቻቸውን አሰሩ። የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበርና። ሊያረጋጉ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌፍተናንት ጄኔራል ደረሰ ዱባለም ተይዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተገደዱ። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ።

አንዲቱ ዕለት 3ም 4ም መባሏ፣ የ1927 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች ነው።

በቈላ አገር ውሃን በትክክል የማያካፍል አለቃ መታዘዝን ተስፋ ሊያደርግ አይገባውም።