የካንሰር መድኀኒት በደም ሴሎች ላይ ስለሚሠራው ሥራ

የካንሰር መድኀኒት ታማሚውን ሲያደክመውና ፀጉሩን ሲያረግፈው ያየ ሰው፣ «መድኀኒቱ ከበሽታው የባሰ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህን በመፍራት ሕክምናውን ከመንገድ ማቋረጥ ለሞት ስለሚያደርስ፣ የመድኀኒቱን አሠራር ለጎረቤላ መምህራንና ነዋሪዎች መግለጽ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከጥቂቶች በቀር በየሰውነታችን ሴል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ 46 የዘር ክሮች ይገኛሉ። ሴል ለሁለት ሲከፈል እነዚህ ክሮች አስቀድመው ተባዝተው እኩል ይካፈላሉ።

ከመጀመሪያዎቹ የካንሰር መድኀኒቶች አንዱ የተገኘው ከጦር መርዝ ነው። የኢጣልያ ጦር በ1931 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት በሚገኘው ዋሻ በተጠለሉ ወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሞ ፈጅቷቸዋል። ይህ መርዝ ነጭ የደም ሴሎችን እንደሚያመነምን ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ አስተውለው ነበርና፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የመርዙን የቅርብ ዘመድ በልክ አድርገው ለካንሰር ታማሚ ሰጡ። ዛሬ የሚሠራበት ሳይክሎፎስፋማይድም ከዚሁ ወገን ነው።

መድኀኒቱ በክሮሞሶም ውስጥ ያሉትን ጥንድ ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ሴሉ ሊከፈል ሲል ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም ያለ ቦታው ይቀጠላል፤ ሴሉም ይሞታል። ካንሰር ያለ ዕረፍት ስለሚከፋፈል በብርቱ ይመታል። ነገር ግን በአጥንት መቅን ውስጥ ደም የሚሠሩት ሴሎችም ፈጥነው ስለሚከፋፈሉ አብረው ይጎዳሉ። ከደሙ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመረመር የተሰበሩ ክሮሞሶሞች ይታያሉ። አልፎ አልፎም ይህ ጉዳት ከዓመታት በኋላ የደም ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታማሚው ከዳነ በኋላም የሐኪም ቀጠሮውን ሊያከብር ይገባዋል።

ነጭ የደም ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ መድኀኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት እጅግ ያንሳሉ፤ ከዚያም መቅኑ እያገገመ ይተካቸዋል። በእነዚህ ቀናት ታማሚው ጀርም የሚከላከልበት ኀይል እጅግ ይዳከማል። ስለዚህ፦

፩ኛ/ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤

፪ኛ/ አስታማሚው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠጋው፤

፫ኛ/ መድኀኒቱ ከተሰጠ በኋላ ለ48 ሰዓት የታማሚው ሽንትና ትውከት በጓንት ይጽዳ፤

፬ኛ/ በሕክምናው ዘመን ባልና ሚስት ከእርግዝና ይጠበቁ።

የክሮሞሶሙ ጉዳት ግን በመጨባበጥም ሆነ በአንድ መሶብ በመብላት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ታማሚውን ከማዕድ መለየት ሌላ ሕመም መጨመር ነው።