ሦስት ጫፍ በአንድ ቀን



ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚታየው ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከሩቅ አንድ ተራራ ይምሰል እንጂ ሲቀርቡት ጫፉ ብዙ ነው፤ ከፍተኛው ከባሕር ወለል በላይ 3,300 ሜትር ያልፋል። ጥጉን የሸፈነው የመናገሻ ሱባ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሞላበት ነው። ጽዱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ ይነገራል።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ወጣን። አሳባችን በአንድ ቀን ሦስት ጫፍ መርገጥ ነበር። ሦስት ሆነው የሚጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ በሐዲስ የታዘዘ ነውና በዕድሜ የሚበልጠንን ወንድማችንን መረጥን።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ ጀመርን። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ሸኙን። ወደ ላይ ስንወጣ ጽዱ ሳሳ፤ በቦታው አስታ ተተካ። ሁለቱን ጫፎች ረግጠን፣ በያዝናት ውሃ ቆጥበን ውዱእ አድርገን ዙህርን ሰገድን።

ሦስተኛው ጫፍ ፊት ለፊታችን ነበር። ይሁንና ከሁላችን ትንሹ፣ የ14 ዓመቱ ልጅ፣ ንግግር አቁሞ ነበር። ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፤ እግሩ ግን ይሰናከላል። አሚራችን አጥብቆ ሲጠይቀው ራሱን እንደሚያመውና እንደሚያቅለሸልሸው ተናገረ።

«እንመለሳለን» አለ አሚራችን። አጉረመረምን። «ሁለታችሁ ይዛችሁት ውረዱ፤ እኛ ደርሰን እንምጣ» ያልንም ነበርን።

«አብረን ወጣን፤ አብረን እንወርዳለን» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከፍቶንም ቢሆን ታዘዝን።

ጽዱ ዘንድ ስንደርስ የልጁ ፊት ተመለሰ። ዘወር ብለን ብናይ ሦስተኛው ጫፍ በጉም ተሸፍኗል። እዚያ ብንሆን ኖሮ መንገዱን እንዴት እናገኘው ነበር?

ወጣቶች ሆይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መፍትሔው መውረድ ነው፤ መደበቅ አደጋ አለው። ለየራሳችሁ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃና ሹራብ ያዙ። የመመለሻ ሰዓታችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ፤ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማልና።

መኪና ውስጥ ልጁ «ጉዟችሁን አበላሸሁባችሁ» አለን። አሚራችን ፈገግ ብሎ «ተራራው የትም አይሄድም» አለው። ኢንሻአላህ ስድስታችንም እንመለሳለን።