ፈቃዱ የአውሮፕላኑ ነው

የስልክና የአውሮፕላን ነገር ሲነሣ ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ስልክ አውሮፕላን ይጥላል» ብሎ ይፈራል፤ ሌላው «አደገኛ ቢሆንማ ስንሳፈር ይቀበሉን ነበር» ብሎ ይንቃል። ሁለቱም የማያውቁት አንድ ሙያ አለ። የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ ማንኛውም ዕቃ፣ የተሳፋሪ ስልክም ይሁን የአውሮፕላኑ የራሱ ዋይፋይ፣ የበረራ መሣሪያዎችን እንደማያውክ በግምት ሳይሆን በመለኪያ የሚያረጋግጥ ሙያ ነው። ሥራው ሲሳካ ምንም ነገር አይታይም፤ ስለዚህ የሚያመሰግነው የለም። እኔ ግን ከአቪዬሽን ሥራዎች ሁሉ ለዚህ ያለኝ ፍቅር ይበልጣል፤ ሊታወቅም ይገባል እላለሁ።

ለጅማ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከከፈታቸው መስመሮች አንዱ የጅማው ነው። በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያዋ የገነነችው ሄርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ፣ የቅፍለት ነጋዴዎች መድረሻ ነበረች፤ ከዚያ ዘመን ሳይርቅ አውሮፕላን ደረሰላት። በዚያን ጊዜ በሲ-47 ተሳፍሮ የመጣ መንገደኛ ሞገድ የሚያመነጭ ነገር በኪሱ አልነበረውም። ዛሬ ስማርት ስልክ ይዞ ከቦሌ ጅማ የሚሳፈር ሰው ቢያንስ ሦስት አስተላላፊ ይዟል፦ የስልክ ኔትወርኩ፣ ዋይፋዩና ብሉቱዙ።

መሠረቱ አጭር ነው። አውሮፕላን በሬዲዮ ይነጋገራል፣ በሬዲዮ መንገዱን ያገኛል፣ በሬዲዮ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለካል፤ ተቀባዮቹም እጅግ ደካማ ሞገድ እንዲሰሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ክልከላው ከሞባይል ስልክ ጋር የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ይህን ስሕተት ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ሳላርም አላልፍም። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ክልከላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 1961 ነው፤ የተከለከለውም ጨርሶ የማያስተላልፍ የሚመስል ዕቃ፣ በእጅ የሚያዝ ኤፍኤም ሬዲዮ ነው። «ሬዲዮ ይሰማል እንጂ መቼ ይናገራል?» ይባል ይሆናል። ይናገራል። ጣቢያ ለመያዝ በውስጡ ትንሽ ሞገድ አመንጪ አለችው። በተለመደው አሠራር የእሷ ፍሪኩዌንሲ ከሚደመጠው ጣቢያ በ10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ይላል። ሁለቱ ሲደባለቁ ልዩነታቸው ምንጊዜም 10.7 ስለሚሆን፣ የቀረው የሬዲዮው ክፍል ይህችን አንዲት ፍሪኩዌንሲ ብቻ ማጣራትና ማጉላት ይበቃዋል። ብልኀቱ የሚደነቅ ነው፤ ግን የአመንጪዋ ሞገድ ከሬዲዮው ውጭ በጥቂቱ ያፈተልካል።

በራሳችን ጣቢያዎች እናስላው። ፋና 98.1ን የሚያዳምጥ ተሳፋሪ ሬዲዮው በ108.8 ሜጋኸርዝ ያፈተልካል። ሸገር 102.1ን የሚያዳምጠው በ112.8። አሁን ደግሞ የአውሮፕላኑን እንይ። ቪኦአር የሚባሉት አቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያዎች፣ እንዲሁም አውሮፕላንን በማኮብኮቢያው መሐል መስመር ላይ አስተካክሎ የሚያስገባው ሎካላይዘር፣ የሚሠሩት ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ሁለቱም አድማጮች ሳያውቁት ክልሉ ውስጥ ገብተዋል። ከአጠገባቸው ተቀምጦ ኤፍኤም አዲስ 97.1ን የሚሰማው ግን በ107.8 ከወሰኑ ለጥቂት ውጭ ቀርቷል። ሦስቱም የያዙት አንድ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ ልዩነቱ የመረጡት ጣቢያ ብቻ ነው። አስተናጋጇ በየወንበሩ እየዞረች የትኛውን ጣቢያ እንደሚሰሙ ልትጠይቅ አትችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ይጥፋ ተባለ።

ጉዳቱ ምን ነበር? ቪኦአር በሴኮንድ 30 ጊዜ የሚመላለሱ ሁለት ምልክቶች ይልካል፤ አውሮፕላኑ ከጣቢያው በየት በኩል እንዳለ የሚታወቀው አንዱ ከሌላው በሚዘገይበት መጠን ነው። ጣቢያው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፤ ሬዲዮው ግን ከአንቴናው በሜትር በሚቆጠር ርቀት ላይ ነው። የአውሮፕላኑ አካል ብረት ቢሆንም መስኮቶቹ ሞገድ ያሳልፋሉ። ያፈተለከው ሞገድ በመስኮት ወጥቶ፣ አካሉን ታክኮ ውጭ ካለው አንቴና ይደርሳል። ያኔ መርፌው ሊዛነፍ፣ ወይም «ይህን ንባብ አትመኑ» የሚለው ባንዲራ ብቅ ሊል ይችላል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ አብራሪው መሬቱን ያየዋል። በደመና ውስጥ ግን ያለው መርፌው ብቻ ነው።

በኋላ የጸናው የአሜሪካ ደንብ ከክልከላው ነፃ ካደረጋቸው ዕቃዎች መካከል ድምፅ መቅጃ፣ የመስሚያ መርጃ፣ የልብ ምት ማስተካከያና የኤሌክትሪክ ጢም መላጫ ይገኙበታል። ሬዲዮ ተከልክሎ ጢም መላጫ ሲፈቀድ ሰው ይገርመው ይሆናል፤ ደንቡ የሚያየው ግን ከዕቃው የሚወጣው ሞገድ የት እንደሚያርፍ ነው። የዛሬ ስልኮች የኤፍኤም ቺፕ አሠራር ተለውጧል፤ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ግን ያው ጥያቄ እንደገና ይጠየቃል።

አውሮፕላኑ ከአንቴናው ሌላ ለሞገድ ሁለተኛ መግቢያ አለው፤ የመሣሪያዎቹ ሽቦና ሳጥን። ጅማ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ስልክ ከመጥራቱ በፊት አጠገቡ ያለው ድምፅ ማጉያ ትርር ትርር ሲል ያልሰማ ማን አለ? ድምፅ ማጉያው ለስልክ የሚሆን አንቴና የለውም፤ የያዘው ሽቦው ነው። የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በሴኮንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያስተላልፍ ጆሯችን ይሰማዋል። አብራሪዎችም ይህንኑ ድምፅ ከመቆጣጠሪያ ማማ መልእክት በሚቀበሉበት ሰዓት በጆሮ ማዳመጫቸው ሊሰሙት ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ወቀሳ አለኝ። የስልክ ማማ ሲርቅ ስልክ ጉልበቱን ይጨምራል፤ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ዋይፋይ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ዋት ገደማ ነው። «ዋይፋይ ከተፈቀደ ኔትወርኩን ብተወው ምን አለበት?» የሚሉ ወገኖች ሃያ እጥፍ ልዩነት ያለውን ነገር አንድ አድርገው እየተከራከሩ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ጅማ ስበር አጠገቤ የተቀመጡት የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነበሩ። «ልጄ፣ ዱባይ ስሄድ በትልቁ አውሮፕላን ላይ ዋይፋይ ክፈቱ ይሉናል፤ እዚህ ዝጉ ይሉናል። ስልኩ ያው ስልኬ ነው፤ ምን ቢሆን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ስልኩ ያው ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ሌላ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአውሮፕላኑ ነው» አልኳቸው።

«እንዲህ ብለው ቢነግሩን ኖሮ ማን ይከራከራቸው ነበር?» ብለው ስልካቸውን ጨርሰው አጠፉት። የስልኩን ጥያቄ ከእርሳቸው የተሻለ አድርጎ የጠየቀኝ የለም።

አውሮፕላኑ ፈቃዱን የሚያገኘው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ይፈተናል። ዓለም የሚሠራበት መለኪያ ዲኦ-160 ይባላል፤ ሙቀቱን፣ ንዝረቱን፣ እርጥበቱን፣ መብረቁን ሁሉ ይዟል። የእኛ ጉዳይ ያለው በክፍል 20 እና 21 ነው። ክፍል 20 መሣሪያው ከውጭ የሚመጣ ሞገድ ምን ያህል እንደሚችል ይጠይቃል፤ ክፍል 21 መሣሪያው ራሱ ምን ያህል ሞገድ እንደሚያወጣ። ከመፈተኛዎቹ አንዱ ግድግዳው በሙሉ ብረት የሆነ ዝግ ክፍል ነው። በውስጡ ትልቅ የብረት መቅዘፊያ ይሽከረከራል፤ ቡና በምጣድ ላይ አንዱ ጎን ብቻ እንዳያር እንደሚታመስ፣ መቅዘፊያውም ሞገዱን እያመሰ መሣሪያው ከየአቅጣጫው እኩል እንዲነካ ያደርገዋል። ቀጥሎ አውሮፕላኑ ራሱ ይፈተናል። መሐንዲሶች አንቴና ይዘው በተሳፋሪዎች ክፍል ከወንበር ወንበር እየተዘዋወሩ ሞገድ ይለቃሉ፤ ሌሎች በአብራሪዎቹ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዱን መርፌና ስክሪን ይከታተላሉ። የሚለቀቀው ሞገድ ተሳፋሪ ይዞት ከሚገባው የበረታ ነው፤ የከፋው ቀን እንዲያልፍ ታስቦ ነው የሚለካው።

ይህ ድካም ለወግ ያህል የሚደረግ እንዳይመስላችሁ የቦይንግ 737ን ታሪክ ልንገራችሁ። አውሮፕላኖቹ ላይ ዋይፋይ ለመግጠም የማረጋገጫ ፈተና ሲደረግ፣ አብራሪው ፊት ያሉት የሃኒዌል ኩባንያ ስክሪኖች ሞገዱ ሲያርፍባቸው ጠፉ። ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ የሚነበብባቸው ስክሪኖች ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ትእዛዝ በ737 እና በ777 አውሮፕላኖች ላይ ያሉት እነዚህ ስክሪኖች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲለወጡ አዘዘ፤ በአሜሪካ ብቻ 1,326 አውሮፕላኖችን ይመለከት ነበር፤ ወጪውም 13.8 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። በበረራ ላይ የጠፋ የለም ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ባለሥልጣኑ ግን አልተቀበላቸውም፤ ትክክልም ነበር። ጉድለቱ ሰው ሳይጎዳ በፈተና ላይ መገኘቱ የሙያው ድል ነው፤ ለዚህ ድል ግን ሐውልት አይቆምለትም።

ፈተናው የሚመዘንበት ልክም ጥብቅ ነው። አውሮፕላን ሊያጠፋ የሚችል ብልሽት የመድረሱ ዕድል በአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። አንድ ቢሊዮን ሰዓት ከ114 ሺህ ዓመት ይበልጣል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ አውሮፕላን ከፋብሪካ ሲወጣ የዓይነት ማረጋገጫ አለው፤ በኋላ ዋይፋይ ቢጨመርበት ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። አውሮፕላኑ የተመዘገበበት ሀገርም የራሱ ኃላፊነት አለበት፤ በእኛ ሀገር ይህ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድርሻ ነው። የሁሉም መሠረት የሆነው የቺካጎ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1944 በተዘጋጀበት ጉባኤ ከተሳተፉት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በበረራ ሁኔታ (ኤርፕሌን ሞድ) ላይ ያሉ ዕቃዎች ከመነሻ እስከ ማረፊያ እንዲሠሩ መንገድ ከፈተ፤ በ2014 የአውሮፓው አቻው ከዚያም አልፎ ሄደ። «ያኔ ሲያስፈራሩን የነበረው ውሸት ነበር ማለት ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የተፈቀደው አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹ ሞገዱን እንደሚችሉ መርምሮ ሲያረጋግጥ ነው። መመሪያው አንድ ነገር ለይቶ አስቀርቷል፤ እይታ እጅግ ሲቀንስ ለማረፍ የሚረዱ አንዳንድ ሥርዓቶች ሞገድ እንደሚችሉ ላይረጋገጥ ስለሚችል፣ ከመቶ አንድ በሚሆኑ በረራዎች ተሳፋሪው ዕቃውን ጨርሶ እንዲያጠፋ ሊጠየቅ ይችላል።

ሙያው ወደፊት የሚጠብቀው ሥራ ከዚህም ይከብዳል። ኤርባስ ኤ380 ውስጥ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ አለ። የሽቦውን ከፊል በገመድ አልባ ለመተካት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቭ ላይ የተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል ፈቅዷል። ይህ ክልል የአውሮፕላኑ ከፍታ መለኪያ ሬዲዮ የሚሠራበት ነው፤ ሁለቱ እንዳይጋጩ ማረጋገጥ የዚሁ ሙያ ድርሻ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና የምትማሩ ልጆች፣ መስኩ ሰው ይፈልጋልና አስቡበት።

ተሳፋሪውን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ክረምት ላይ ጅማ በጉም ተሸፍና ሠራተኞቹ «አሁን ጨርሳችሁ አጥፉ» ካሉ፣ የበረራ ሁኔታ ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ቁልፉን ተጭነው ያጥፉት። «ደረስኩ» ብለው የሚደውሉትም አውሮፕላኑ ቆሞ በሩ ሲከፈት ይሁን።